«ወተትሽ ቀጥኗል» እያሉኝ ነው፤ ማንን ልስማ?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አሥር ሳምንት ሆነኝ። ሴት ናት። ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች፤ ሰሞኑን ለክትባት ስወስዳት 5.2 ኪሎ ሆናለች። እስካሁን ከጡት ሌላ ምንም አልቀመሰችም፤ ማለቴ ከአንድ ሌሊት በስተቀር፣ እሱን እነግርዎታለሁ።

አማቴ ሊያግዙኝ ከመጡ ወር አልፏቸዋል። ደግ ሰው ናቸው፣ ልጄንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያይዋት። ግን አመሻሽ ላይ ማልቀስ ስትጀምር «ወተትሽ ቀጥኗል፣ ልጅቷ ጠግባ አታውቅም፣ የዱቄት ወተት ጨምሪላት፣ ውሃም አቅምሻት» ይሉኛል። እውነት ለመናገር እኔም ጥርጣሬ ገብቶኛል። ጡቴ እንደ መጀመሪያው አይወጠርም፣ ልፍስፍስ ብሏል። ማታ ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ትጠባለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትጠባለች። ባለፈው ትንሽ አልቤ በብርጭቆ ሳየው ውሃ የመሰለ፣ ሰማያዊ ቢጤ ነው። አማቴም አይተውት «አላልኩሽም?» አሉኝ።

ስለ ምግብም ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል። ባቄላና ምስር ሆዷን ይነፋታል፣ ጎመን አትብዪ፣ እንቁላልና ወተት አለርጂ ያመጣባታል፣ ብርቱካን ሆዷን ይቆርጣታል። አንድ በአንድ ስተው ስተው አሁን ጠዋትም ማታም ሻይ በዳቦ ሆኛለሁ። ሥራ ከመግባቴ በፊት ኪሎ ልቀንስ ብዬም ነው። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል። ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፋል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ነበርና እንዳይጋባባት በዚያው ላቁም ብዬ አስቤ ነበር። አንድ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ተደብቄ የዱቄት ወተት በጥብጬ ሰጠኋት። ጠጥታ ጥቅልል ብላ ተኛች። እኔ እስኪነጋ አለቀስኩ። ባለቤቴ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ከማለት ሌላ ነገር የለውም። ወተቴ እውነት ቀጥኗል? ያቺ አንድ ጡጦ እስካሁን የደከምኩበትን ሁሉ አበላሸችብኝ? ምን ልብላ? ማንን ልስማ?

ግራ የገባኝ እናት


እህቴ፣

ስለ ልጅሽ ኪሎ፣ ስለ ለቅሶዋ፣ ስለ እንቅልፏ በዝርዝር ጽፈሽልኛል። ስለ ራስሽ ያለው ግን ሁለት ሦስት መስመር ነው፦ ሻይ በዳቦ፣ ያዞረኛል፣ ፀጉሬ ይረግፋል። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የጠየቅሽኝን ሁሉ እመልስልሻለሁ፣ የማስበውን ግን ከወዲሁ ልንገርሽ፦ ከጻፍሽው እንደማየው ወተትሽ አልጎደለም። የጎደለው ያንቺ ምግብና እረፍት ነው።

ለምን እንዲህ አልኩ? ራስሽ የጻፍሽውን ቁጥር እይው። ከ3.1 ወደ 5.2 ኪሎ በአሥር ሳምንት። በሳምንት ከ200 ግራም በላይ ጨምራለች ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚጠበቀው በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ገደማ ነው። ውሃ የሚጠጣ ልጅ እንዲህ አይወፍርም። ይህንን ኪሎ ከጡትሽ ሌላ ከየትም አላገኘችውም። ሚዛኑን ካላመንሽው ደግሞ ዳይፐሯን ቁጠሪ። በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ በደንብ የራሰ ዳይፐር ካለ፣ ሽንቷም ፈዛዛ ከሆነ፣ የገባው ወተት በቂ ነው። በሚቀጥለው ስትጠባ ደግሞ አገጯን አስተውዪ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትምጋለች፣ ከዚያ አገጯ ወረድ ብሎ ለቅጽበት ቆም ይላል፣ ወዲያው የመዋጥ ድምፅ ትሰሚያለሽ። ያቺ ቆም ማለት አፏ ሙሉ ወተት መግባቱ ነው። ይህን አንዴ ለይተሽ ካወቅሽው ማንም «ባዶውን ነው የምትጠባው» ቢልሽ አትደናገጪም።

የጡትሽ መላላት ብዙ እናቶችን የሚያስደነግጥ ነገር ነው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነትሽ ልጅሽ ምን ያህል እንደምትፈልግ ስለማያውቅ አትርፎ ያመርታል፣ ጡትም ይወጠራል። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ልኩን ያውቃል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን የሚያመርተው እሷ ስትጠባ ስለሆነ ጡቱ ልል ይላል። ወተቱ ደረቀ ማለት አይደለም።

የማታው ለቅሶም የራሱ ታሪክ አለው። ሕፃናት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለቅሷቸው እየጨመረ ይሄዳል፣ በስድስተኛና በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል፣ ሦስት አራት ወር ሲሞላቸው ይቀንሳል። ጡጦ የሚጠጡትም እንደዚሁ ነው የሚያለቅሱት። ደግሞ አመሻሽ ላይ ብዙውን ጊዜ ወተቱ በመጠን ቀነስ፣ በቅባት ጠንከር ይላል፤ ስለዚህ ልጆች ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት መጥባት ይፈልጋሉ። በዚያ ሰዓት የመዋጡ ድምፅ ሲቋረጥ ጡትሽን በመዳፍሽ ቀስ አድርገሽ ጨመቅ አድርጊው፣ እንደገና መዋጥ ትጀምራለች። ሲያቅታት ወደ ሌላው ጡት አዙሪያት፣ ከዚያ ተመለሺ። ካስፈለገ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ እየተንጎራደድሽ አባብያት። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሚያልፍ ነው።

ወደ ብርጭቆው ልምጣ። ጡት ሞልቶ ሳለ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀጠን ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ አለው። ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ቅባቱ ይጨምራል። ሌላ ጊዜ ስታልቢ ብርጭቆውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪና ከጥቂት ሰዓት በኋላ እይው። ከላይ ወፈር ያለ ቢጫ ክሬም ተንሳፍፎ፣ ከታች ደግሞ ቀጭኑ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። ክሬሙን ለአማትሽ አሳዪአቸው፣ እውነቴን ነው፤ ከአንድ ሰዓት ክርክር እሱ ይሻላል። ከዚያ ቀስ ብለሽ አዟዙረሽ ስትቀላቅይው አንድ ይሆናል። የእናት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር በአማካይ ከ65 እስከ 70 ካሎሪ አለው። የዱቄት ወተት የሚያመርቱትም ካሎሪውን ለማመሳሰል የሚሞክሩት ከዚሁ ጋር ነው። ከወተትሽ 87 በመቶ ገደማው ደግሞ ውሃ ስለሆነ ስድስት ወር እስኪሞላት ሌላ ውሃ አያስፈልጋትም፤ ሙቀት ቢሆንም እንኳ። ውሃ ትንሿን ሆዷን ይሞላና የወተቱን ቦታ ይወስድባታል፣ ንጹሕ ካልሆነም በሽታ ይዞባት ይገባል።

ታዲያ ያን ሌሊት የዱቄት ወተት ጠጥታ ለምን ጥቅልል ብላ ተኛች? የዱቄት ወተት ከጡት ወተት ይልቅ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ለመፈጨትም ጊዜ ይወስዳል። ቶሎ መተኛቷ ርቧት እንደነበር አያሳይም። ያቺ አንድ ጡጦ ምንም አላበላሸችም፣ እህቴ። ስለ እሷ ማልቀስሽን ተዪው። የጡት ወተት ጥበቃ በሙሉ ወይም በምንም የሚሆን ነገር አይደለም፤ በጠባች ቁጥር ታገኘዋለች፣ ብዙ ስትጠባ ብዙ፣ ትንሽ ስትጠባ ትንሽ። ልጅን የጡት ወተት ብቻ እስከ ስድስት ወር፣ ከዚያ ከሌላ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ ምክር ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ምክሩ አንቺን ለማገዝ የተሰጠ እንጂ ባንቺ ላይ የሚፈረድበት ሕግ አይደለም። የምጠነቀቅልሽ አንድ ነገር አለ፦ በየማታው ጡጦ እየሰጠሽ ያን ሰዓት ካላለብሽ፣ ጡት ውስጥ የቀረው ወተት ሰውነትሽን «አይፈለግም» ይለዋል፣ እሱም ማምረቱን ይቀንሳል። አሁን የሌለው የወተት እጥረት ያኔ እውነት ይሆናል። ብዙ እናቶች ሳይፈልጉ ያቆሙት በዚህ መንገድ ነው።

ጉንፋን ሲይዝሽ ላቁም ማለትሽን ሳነብ ደግሞ እጅሽን ይዤ ባስቆምኩሽ ብዬ ተመኘሁ። ምልክቱ አንቺ ላይ ከመታየቱ በፊት ልጅሽ ጀርሙን ካንቺ ጋር ስትተነፍሰው ሰንብታለች። ሰውነትሽ ደግሞ ያንኑ ጀርም የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት መሥራት ይጀምራል፤ አይጂኤ የሚባሉት ወደ ጡትሽ ሄደው በወተቱ በኩል እሷ ጋ ይደርሳሉ። የጉሮሮዋንና የአንጀቷን ግድግዳ እንደ ቀለም ቅብ ይሸፍኑትና ጀርሙ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ። እናት ዛሬ ያጋጠማትን ጀርም ተከትሎ የሚሠራ መከላከያ በፋብሪካ ተሠርቶ ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጉንፋን ሲይዝሽ እጅሽን ታጠቢ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ አጥቢያት። መድኃኒት ካስፈለገሽ የምታጠቢ መሆንሽን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ንገሪ፣ አብዛኛው መድኃኒት ማጥባትን አያስቆምም።

ሌላም አለ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ወተትሽ ውስጥ ልጅሽ ጨርሶ መፍጨት የማትችላቸው ከመቶ በላይ ዓይነት ስኳሮች አሉ። ለእሷ ካልሆኑ ለማን ናቸው? አንጀቷ ውስጥ ላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ናቸው። እነሱ ሲበዙ ለክፉዎቹ ቦታ ይጠፋል። ላክቶፌሪን የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ ጎጂ ባክቴሪያዎች ለመራባት የሚፈልጉትን ብረት ይይዝባቸዋል። የዚህ ሁሉ ውጤት በተቅማጥ፣ በሳንባ ምች፣ በጆሮ ኢንፌክሽን፣ በድንገተኛ የሕፃናት ሞት ላይ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 እና 1997 ቤላሩስ ውስጥ ከ17,000 በላይ እናቶችና ሕፃናት የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተጀምሮ ነበር። በግማሾቹ ሆስፒታሎች እናቶች ለማጥባት የተለየ እገዛ አገኙ፣ በሌሎቹ የተለመደው አሠራር ቀጠለ። በመጀመሪያው ዓመት የሆድ ኢንፌክሽን የያዛቸው ሕፃናት እገዛ ባለበት 9.1 በመቶ፣ በሌለበት 13.2 በመቶ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩን ልብ ብለሽ እዪው፤ የሚጠቡም ልጆች ይታመማሉ፣ የማይጠቡም ብዙዎቹ ደህና ያድጋሉ። ጡት ዕድልን ያሻሽላል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። ክትባትንም አይተካም፣ እሱን ግን እየሄድሽበት ነው።

ማጥባት ላንቺስ ምን ያደርግልሻል ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ማንም ያነሳልሽ አይመስለኝም። ስታጠቢ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ማህፀንሽ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይረዳል፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውንም ደም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ በ30 አገሮች የተደረጉ 47 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው አንዲት ሴት በጠቅላላው ባጠባችው በየ12 ወሩ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 4.3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከሁሉም ልጆቿ ጋር ያጠባችው ጊዜ ይደመራል። የኦቫሪ (የእንቁላል ዕጢ) ካንሰርና ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታም ባጠቡ እናቶች ላይ ቀነስ ብለው ይታያሉ።

አሁን ወደ ሳህንሽ። በጣም የከፋ ረሃብ ካልሆነ በስተቀር ያጠባች እናት ትንሽ ብትበላም ወተቷ ያን ያህል አይቀጥንም። ለምን መሰለሽ? ሰውነትሽ ካንቺ ወስዶ ለእሷ ይሰጣል። ካልሲየም ካጠረ ከአጥንትሽ፣ ጉልበት ካጠረ ከስብሽ። እሷ ወፍራለች፣ አንቺን ያዞርሻል፤ ይኸው ነው የሆነው። ግን ሁሉም ንጥረ ነገር እንዲህ አይደለም። አዮዲን፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12 እና ሌሎቹ ቢ ቫይታሚኖች፣ የቅባቱም ዓይነት በእናትየዋ አመጋገብ ይወሰናሉ። አንቺ ካላገኘሻቸው ወተቱም ውስጥ ያንሳሉ። በተለይ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እነዚህን ጨርሶ የተወች እናት ልጇ እጥረቱ ነርቭና ደም ላይ ጉዳት ሊያደርስባት ስለሚችል ኪኒኑን መውሰድ አለባት። አንቺ እንቁላልና ወተት ያቆምሽው ለእሷ ብለሽ ነበር። ለእሷ ብለሽ መልሰሽ ጀምሪው።

ባቄላና ጎመን ሆዷን ይነፋታል የሚባለውን ደግሞ እስቲ አብረን እናስበው። አንቺን የሚነፋሽ የባቄላው ያልተፈጨ ክፍል አንጀትሽ ውስጥ ሲብላላ የሚፈጠረው አየር ነው። አየሩ ወደ ደምሽ ገብቶ፣ ከደምሽ ወደ ጡትሽ ሄዶ እሷን አይነፋትም። ወደ ወተቱ የሚያልፈው ጣዕም ነው፣ እሱም ጥሩ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጁሊ ሜኔላና የባልደረቦቿ ጥናት እናቶቻቸው በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡ ሕፃናት በኋላ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን ሳያንገራግሩ መቀበላቸውን አሳይቷል። አንቺ ዓይነቱን ባበዛሽው መጠን እሷም ከወዲሁ ትለምደዋለች።

አለርጂን ለመከላከል ብላ እናት ምግብ መተው አለባት የሚለው ምክር ዛሬ አይሰጥም። አልፎ አልፎ እውነተኛ የላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት አሉ። ግን ምልክቱ ከማልቀስ ያለፈ ነው፦ ሰገራ ላይ ደም፣ የሚብስ ሽፍታ፣ ብዙ ማስመለስ፣ ኪሎ አለመጨመር። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ከሐኪም ጋር ሆነሽ አንዱን ምግብ ብቻ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት አቁመሽ፣ ከዚያ መልሰሽ ሞክረሽ ታዪያለሽ። አንቺ እንዳደረግሽው ሁሉንም በአንድ ላይ ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደረዳ እንኳ አያሳውቅም።

ስንት ልብላ ካልሽኝ፣ ልጇን በጡት ብቻ የምታሳድግ እናት በቀን በአማካይ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ የተወሰነው በእርግዝና ካስቀመጥሽው ስብ ይመጣል። ቀለል አድርጌ ልንገርሽ፦ ሦስቱን ምግብ ሳትዘልዪ በደንብ ብዪ፣ አንድ መክሰስ ጨምሪበት። ምስርና ባቄላሽን መልሺ፣ እንቁላል በየቀኑ ብትበዪ ደስ ይለኛል፣ አረንጓዴ ቅጠልና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው አትክልቶች አይጥፉ፣ ዓሣ ከተገኘ በሳምንት ሁለቴ (ብዙ ሜርኩሪ የሚይዙትን እንደ ሻርክ ያሉትን ትተሽ)፣ ጨውሽ አዮዲን ያለው ይሁን። ሻይሽን አልነጥቅሽም፣ ግን ከምግብ ጋር አትጠጪው። ሻይ ከምስርና ከቅጠል የምታገኚውን ብረት እንዳይገባ ያግደዋል፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቂው። በምትኩ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብረሽ ብትበዪ ብረቱ በደንብ ይገባል። ቡና በቀን ሁለት ኩባያ ምንም አይልም። ውሃ ደግሞ ሲጠማሽ ነው፣ በግድ መጋት ወተት አይጨምርም። ስታጠቢ ስለሚጠማሽ ግን አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ከምታጠቢበት ወንበር አጠገብ አይጥፋ። በአንድ እጅ የሚበላ ነገር መሆኑን አትርሺ፣ ለአራስ እናት ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ኪሎውን ልቀንስ ማለትሽን አልነቅፍም። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ቀስ እያሉ መቀነስ ወተቱን አይጎዳም። ግን እያዞረሽ አይሆንም። መጀመሪያ ሰውነትሽ ይቁም፣ ከዚያ በእግር መንቀሳቀስ ትጀምሪያለሽ።

ስለ አማትሽ ትንሽ ላስብ። ካንቺ ጽሑፍ የገባኝ፣ እሳቸው የሚፈሩት ልጅቷ እንዳትራብ ነው። ያንቺም ፍርሃት እሱ ነው። ሁለታችሁ አንድ ነገር እየፈራችሁ በየማታው ተቃራኒ ወገን ሆናችሁ ቆማችኋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ብትሄጂስ? ሚዛኑ ላይ ስትቀመጥ ቆመው ይዩ፣ ባለሙያዋ የእድገት ሰንጠረዡን ስታስረዳ ይስሙ። ከምራታቸው አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ከነጭ ጋዋን መስማት ይቀላቸው ይሆናል። ቤት ስትመለሱ ደግሞ በማታው ሳይሆን ሁላችሁም በተረጋጋችሁበት ሰዓት «እማዬ፣ ልጄን ስለሚወዷት ደስ ይለኛል። ወተቱ በቂ ነው ብለውናል። አሁን የሚያስፈልገኝ እኔን የሚያበላኝ ሰው ነውና ምሳዬን ያስቡልኝ» ብትያቸው ምን የሚሉ ይመስልሻል? ብዙ እናቶች ሥራ ሲሰጣቸው ነው የሚረጋጉት። ማታ ካጠባሻት በኋላ አቅፈው ግሳት ማስወጣቱንም ለእሳቸው ተዪላቸው።

ባለቤትሽ «አንቺ ያልሽው ይሁን» ማለቱ አክብሮት መስሎት ሊሆን ይችላል፤ ላንቺ ግን ብቻዬን ነኝ የሚል ስሜት የሰጠሽ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? እንግዲያው በግልጽ ጠይቂው። «ከእናትህ ጋር አንተ ተነጋገር፣ የሌሊቱን ዳይፐር አንተ ቀይር፣ ሳጠባ ምግብ አቅርብልኝ» በዪው። ጡት ማጥባት አይችልም፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ሁሉ ይችላል። ያን ሌሊት ተደብቀሽ ማልቀስሽንም ንገሪው። ያንን ማወቅ አለበት።

ለሥራው አምስት ሳምንት አለሽ፣ በቂ ነው። ልትመለሺ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀርሽ ማለብ ጀምሪ። ጠዋት ከመጀመሪያው ጥባት በኋላ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ፤ ማለቢያው እንደ ልጅሽ አይስብም፣ ሰውነትሽም ሊለምደው ይገባል። ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር እያደረግሽ በንጹሕ ዕቃ፣ ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን፣ በፍሪዘር እስከ 6 ወር ገደማ ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ስታሞቂው ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመሽ ነው፣ በማይክሮዌቭ አይሆንም። ጡጦውን ሌላ ሰው ይስጣት፤ ያንቺን ሽታ ካሸተተች ጡቱን ነው የምትጠይቀው። ሥራ ቦታ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ ያስፈልግሻልና አለቃሽን ከአሁኑ አነጋግሪ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው 183ኛ ስምምነት የምታጠባ ሠራተኛ የሚከፈልበት የማጥቢያ ዕረፍት እንዲኖራት ይላል፣ ባለሽበት አገር ሕጉ ምን እንደሚል የሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችሁን ጠይቂ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት፣ ማታ ስትገቢና ሌሊት ከጡትሽ ትጥባ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚታለበው ቀኑን ባይሸፍን፣ ወይም አንቺ ሌላ ምክንያት ኖሮሽ በቃኝ ብትይ፣ የዱቄት ወተት መጨመር ትችያለሽ። ሳትደበቂ ግን። ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ በጥብጪው፣ መጠኑ ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፣ እንዲበረክት ብለሽ አታቅጥኚው፣ ለብ ሲል ስጫት፣ የተረፋትንም ድፊው። ቀሪውን ከጡት እየጠባች ጥበቃውን ማግኘቷን ትቀጥላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ቀስ ብለሽ መልሺልኝ። ካለቀስሽበት ሌሊት ወዲህ እንዴት ነሽ? ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሐዘን፣ ምንም ነገር ደስ አለማለት፣ እሷ ተኝታ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ማለት ካለ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ የሚታከምም ነው። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት አጠገብሽ ላለ ሰው ነግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

እንዲህ ያለ ነገር ባይኖርም ለዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ፣ ለልጅሽ ሳይሆን ላንቺ። ፀጉር ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ወር አካባቢ መርገፉ ብዙዎች ላይ ያለ ነው፣ ይመለሳል። ማዞሩን ግን ዝም አትበዪው። የደምሽን መጠንና የብረት ክምችትሽን፣ የደም ግፊትሽን፣ የታይሮይድ ዕጢሽንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ። በዚያው ለሕፃኗ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቂ፤ የጡት ወተት ቫይታሚን ዲ ብዙ ስለሌለው በብዙ ቦታ በቀን 400 ዩኒት ይታዘዛል። ጡትሽ በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ተጋግሎ ትኩሳት ከያዘሽ ማጥባቱን ሳታቆሚ ቶሎ ታዪ። ልጅሽ ሦስት ወር ሳይሞላት ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ዳይፐሯ ካልረጠበ ወይም ለመጥባት ሰነፍ ካለች በዚያው ቀን ውሰጃት። የምርመራሽ ውጤት ሲመጣ ብትጽፊልኝ ስለ ብረቱና ስለ ምግቡ በዝርዝር እንነጋገራለን። እስከዚያው ግን ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቂ፣ እንቁላልና ምስርሽን ዛሬውኑ ጀምሪ።